አይሪሱ ሲከፈል

ፀዲ ተክለወልድ ሰው ቶሎ አታምንም ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ራሷም ትለዋለች። እንዲያ ሆና ግን አልተወለደችም። አባቷ በሞቱ በዓመቱ ሰርቪስ ቤታቸውን የተከራየ አንድ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። እናቷን ያስቃል፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ ኮቴዋን ለይቶ በር ይከፍትላታል። ልቧ ወደ እሱ ማዘንበል በጀመረበት ሰሞን ሰውዬው ደላላ ሆኖ ተገኘ። እናቷን አግባብቶ ግቢውን እንዲያስሸጥ የላከው ደግሞ የገዛ አጎቷ እንደሻው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀዲ ፈገግታ ባየች ቁጥር ከጀርባው ማን እንዳለ ትፈልጋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ስለዚህ በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ፣ ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና እየተከመረ ሳለ፣ አንድ ረጅም ወጣት በአጥራቸው ቀዳዳ ሲያጮልቅ ስታየው ደግ ነገር አልታሰባትም።

«ማንን ፈልገህ ነው?» አለችው በሩን ገርበብ አድርጋ።

«ማንንም። አበባውን እያየሁ ነው።»

«አበባ የሚታየው በአጥር ቀዳዳ ነው?»

«በሩ ዝግ ነበራ» አለና ሳቀ።

ፀዲ አልሳቀችም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሷል፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ዓይኗ ያረፈው ግን ወገቡ ላይ በተንጠለጠለው ሜትር ላይ ነበር።

«ቀያሽ ነህ?»

«አዎ። ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የምሠራው። ነህምያ እባላለሁ።»

ቀያሽ! የእንደሻው ግቢ ከነሱ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አባቷና እንደሻው፣ የአባታቸውን ርስት ለሁለት ሲካፈሉ መሀል ላይ የወሰን ድንጋይ ተክለው ነበር ይባላል። ያን ጊዜ የነበሩት ሽማግሌዎች አልፈዋል፤ ድንጋዩም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እንደሻው «ድሮም አልነበረም» ይላል። በወሰኑ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት አምሮታል፤ ለዚያ ደግሞ አበባው ያለበት መደብ ያስፈልገዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀያሽ በአጥር ሲያጮልቅ ማን ያምናል?

እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ከቤት ወጥተው «እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ?» ብለው አስገቡት።

መደቡ በአጥሩ ጥግ ላይ ርዝመቱን ይዞ የተነጠፈ ነው። እንደ ጎራዴ የቆሙ ቅጠሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ተፋፍገዋል። ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሀል ብቅ ያሉት ሰማያዊ አበቦች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ሰፈርተኛው «የጋሼ ተክሌ ሰማያዊ» ይለዋል፤ ነህምያ «አይሪስ» አለው።

«ስንት ዓመት ሳይከፈል ቆየ እትዬ?»

«ተክለወልድ ከሞተ ወዲህ ማንም እጁን አላስገባበትም።»

«ተጨናንቆ ነው። ስሩ እንደ ዝንጅብል ነው፤ ወደ ጎን እየሄደ ይዋለዳል። በየሦስት አራት ዓመቱ ወጥቶ ካልተከፈለ መሀሉ ይሞታል፣ ዳር ያለውም መሄጃ ያጣል። ያኔ አበባው ይቀርና ቅጠል ብቻ ይሆናል። እናቴ ጋ ነው ያየሁት። የሷን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደባት።»

«ታዲያ አሁን ይከፈላ!»

«አሁንማ አይሆንም። መጀመሪያ አበባው ይለፍ፤ ከዚያም ክረምቱ ይውጣ። የተቆረጠ ስር ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል። ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ግን እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ ያኔ ነው ጊዜው። ከፈቀዳችሁ መጥቼ እከፍልላችኋለሁ፤ ከሚተርፈው ለእናቴ ትሰጡኛላችሁ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ መረቁት። ፀዲ ግን ቃሉ አልጣማትም። ጋሼ እንደሻውም በመጣ ቁጥር የሚለው ይህንኑ ነው፤ ይከፈል፣ ይከፈል።

ክረምቱ ገባ። ፀዲ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ አሰላ ውስጥ ከጋሪ መቆሚያው ማዶ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ነህምያ በወሩ የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። በሚቀጥለውም መጣ። ከዚያ ወሩ ሳይሞላ መጣ።

«የባለፈው አላለቀም መሰለኝ» አለችው።

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«ዝናብ ነው። ልጠለል ብዬ።»

«ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ።»

«አውቃለሁ» አለ።

አልሄደም። እሷም ሂድ አላለችውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሁለቱ በባንኮኒው ግራና ቀኝ ቆሙ። ፀዲ መድኃኒት የምትደረድር መስላ አንዱን ካርቶን ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች። ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነው፤ ዓይኑን ሲሰብር ደግሞ የሷ እሱ ላይ ይቀራል። ዝናቡ አባርቶ ነህምያ ሲወጣ መድኃኒት ቤቱ ሰፍቶ ታያት። «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ለራሷ። «ያኛውም እንዲሁ ነበር የጀመረው።»

በነሐሴ ከሥራ ወጥታ በባጃጅ ወደ ቤት ስትሄድ ነህምያን ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ደጃፍ ቆሞ አየችው። አብሮት የቆመው ሰው እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ያወራዋል። ሰውዬው ዞር ሲል አጎቷ እንደሻው ነበር።

ባጃጁ አለፈ። ያዘነችው በነህምያ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛ ጊዜ በመታለሏ በራሷም ነበር። ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። «ይምጣና ይቆፍር» ብላ ወሰነች። «በዓይኔ ሳየው ነው የምናገረው።»

መስቀል አለፈ። እናቷ ለዘመድ ለቅሶ ዴራ ወርደው ሳለ ነህምያ አካፋና የቅጠል መቀስ ይዞ መጣ። ፀዲ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ልትጠብቀው ነበር ያሰበችው። ግን ሥራው ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከባድ ነበር፤ ሳታስበው ከጎኑ ተገኘች።

እሱ አካፋውን ከሩቅ አስገብቶ ስሩን ሳይሰብር ያነሳል፤ እሷ አፈሩን ታራግፋለች። መሀሉ ላይ ያለው አሮጌ ስር ቀልሎ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

«ይኼስ?» አለችው።

«ይጣል። የድርሻውን አብቦ ጨርሷል። እኛ የምንፈልገው ከዳር ያለውን ነው፤ ጠንካራውን፣ ቅጠል ይዞ የወጣውን። ቢላውን ወዲህ በይ።»

ከመድኃኒት ቤት ያመጣችውን አልኮል በጥጥ አድርጋ ቢላውን ጠረገችለት። በየቁራጩ መሀል ትጠርግለታለች፤ የታመመ ስር ካለ ወደ ጤነኛው እንዳይተላለፍ ነው። ቅጠሉን በመቀስ ከግማሽ በታች አሳጥሮ ጫፉን እንደ ማራገቢያ አስተካከለው።

«ለምን ይቆረጣል? ያሳዝናል።»

«ስሩ ገና መሬት ሳይዝ ይኼን ሁሉ ቅጠል መሸከም አይችልም። ነፋስም ይገፈትረዋል። አሁን ደግሞ ጥላ ላይ ይደር፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል።»

ቢላውን ስትቀበለው ጣታቸው ተነካካ። ሁለቱም ቶሎ አልሸሹም። ፀዲ ለአፍታ ያቺን የነሐሴ ከሰዓት፣ የአጎቷን እጅና የሱን ትከሻ ረሳች። ከዚያ ትዝ አላትና ቁራጮቹን ሰብስባ ወደ በረንዳው ሄደች።

ከበረንዳው ሆና ዞር ስትል ነህምያ መደቡ መጨረሻ ላይ ተንበርክኳል። በእጁ አፈር ይጠርጋል። ድንገት ቆመና ወደ ቤቱ፣ ቀጥሎም ወደ እንደሻው አጥር ተመለከተ። ሜትሩን ከወገቡ አውጥቶ ከአጥሩ እስከ ጉድጓዱ ለካ። ከዚያ አፈሩን መልሶ በእጁ ደለደለው።

በዚያው ቅጽበት በረንዳው ላይ የተወው ስልኩ ጮኸ። ፀዲ ጎንበስ ብላ አየች። «አቶ እንደሻው» ይላል።

ስልኩን ይዛ እየጮኸ ወሰደችለት።

«ምን ቀበርክ?»

«ምንም አልቀበርኩም።»

«አየሁህ እኮ! ለካህ፣ ቀበርክ። ጋሼ እንደሻው ለምን ይደውልልሃል?»

ነህምያ ፊቱ ጠቆረ።

«እናትሽ ሲመጡ ይንገሩሽ» አለ።

«እናቴን በአፍህ አታንሳ! እሷ የዋህ ናት፤ ቆዳው ያማረ ሁሉ ሰው ይመስላታል።»

«ፀዲ፣ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን? ለእሱ?»

ፀዲ መልሱን አልጠበቀችም። «ውጣ!» አለችው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አካፋውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና «ስትተክያቸው ጥልቅ አታድርጊ። ስሩ ወደ ታች ይግባ፤ ጀርባው ግን ከአፈር በላይ ሆኖ ፀሐይ ይሙቀው» አለ።

ፀዲ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። በዚህ ሰዓት ስለ አበባ የሚያወራ ሰው ጤነኛ ነው?

ወዲያው የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ ከጭላሎ ወርዶ ግቢውን አጥለቀለቀው። ጉድጓዱን ሄዳ ሳታየው መሸ።

በማግስቱ ጠዋት ከማንም ቀድሞ የመጣው እንደሻው ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ባዶውን መደብ እያየ፣ ፊቱ በራ።

«ኧረ ፀዲዬ፣ ይኼ አበባ ተነቀለ እንዴ? ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ድንጋይ ምናምን አላገኛችሁም አይደል?»

ፀዲ ስለ ድንጋይ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር።

«ምን ድንጋይ ጋሼ?»

«አይ፣ እንዲያው… አካፋችሁን እንዳይሰብረው ብዬ ነው።» ሳል ሳል አለውና «ያ ልጅ ስልኩን አያነሳም። ዛሬ ይመጣል?» አለ።

«አይመጣም።»

አጎቷ ሲወጣ በሩን ቀርቅራ ወደ መደቡ መጨረሻ ሮጠች። በእጇ ቆፈረች። ጭቃው ለስላሳ ነበር። ጣቷ ጠንካራ ነገር ነካ፤ አናቱ ላይ የድሮ ኖራ ያለበት፣ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ድንጋይ። አልተነቃነቀም፤ ድሮ እንደተተከለ ነው። አባቷ አበባቸውን የተከሉት በድንጋዩ ዙሪያ ኖሯል፤ አይሪሱ ባልተከፈለባቸው ዓመታት ተዋልዶ ድንጋዩን ውጦት ነበር። ነህምያ ሊነቅለው ይችል ነበር። አካፋ በእጁ፣ ሰው በሌለበት። እሱ ግን እንዳይታይ ሸፍኖ፣ ቦታው እንዳይጠፋ ለክቶ ሄዷል።

እናቷ ከዴራ ሲመለሱ ፀዲ ጭቃዋን ሳትታጠብ ጠበቀቻቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሩን ሰምተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«የኔ ጥፋት ነው ልጄ። እንደሻው ልጁ አበባችንን ሊከፍል መሆኑን ሲሰማ ያዘውና “ድንጋይ ካገኘህ ነቅለህ ጣልልኝ” አለው። ልጁ በማግስቱ መጥቶ ነገረኝ። ለፀዲ እንዳትነግራት ብዬ በማርያም አስማልኩት። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ከአጎትሽ ጋር ደም የምትቃቡ መሰለኝ። ድንጋዩ ይገኝና በሽማግሌ ይታያል ብዬ ነበር።»

ፀዲ ተነስታ ወደ መደቡ ተመለሰች። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ተከለች፤ በመሀላቸው ክንድ የሚያህል ቦታ እየተወች፣ ጀርባቸውን ከአፈር በላይ እያደረገች። ድንጋዩ ላይ ግን ምንም አልተከለችም። አናቱን አጥባ ለፀሐይ ተወችው። እንደሻው በአጥሩ በኩል አይቶት እንዳላየ አለፈ፤ ስለ መደቡ ያነሳው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

የቀሩትን ስሮች በጆንያ አድርጋ እሁድ ሚኒባስ ተሳፍራ የነህምያ እናት ወደሚኖሩበት ወደ ሲሬ ሄደች። የነህምያን ቤት ጠይቃ አገኘችው። እናቱ ወይዘሮ አሰፋች ደጅ ላይ ገብስ ያሰጣሉ።

«የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አይደለሽም?» አሉ ገና ሳያስገቧት። «ኪኒኔን ሳልጨርስ ሌላ እየገዛልኝ ቤቱን ፋርማሲ አደረገው እኮ!»

ፀዲ በጭንቀቷ መሀል ሳቋ መጣ። ነህምያ ከጓሮ ብቅ ሲል ግን ሳቋ ጠፋ። ወይዘሮ አሰፋች ሁለቱንም አዩና ገብሱን ትተው ገቡ።

«ስሩን አመጣሁልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ድንጋዩን አገኘሁት። እናቴም ነገረችኝ። ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

ነህምያ ጆንያውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ድንጋዩን አይተሽ አመንሽ፤ እኔን አይተሽ አይደለም» አለ።

ፀዲ ልትክድ ትችል ነበር፤ ልቤ ያውቅህ ነበር ልትለው ትችል ነበር።

«አዎ» አለች። «ድንጋዩ ባይኖር አልመጣም ነበር። ይህን አልዋሽህም።»

ቀና ብሎ አያት። ከመጣች ወዲህ ገና አሁን ማየቱ ነበር።

«እኔ በመጀመሪያ የመጣሁት ለአበባው ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ የመጣሁት ግን ለአበባው አይደለም። ይህን ታውቂያለሽ። ነገር ግን በየቀኑ የሚመረመር ሰው ሆኜ መኖር አልችልም።»

ጓሮ ገብተው ስሩን አብረው ተከሉ። ብዙም አልተነጋገሩም። ሲሸኛት፣ ከሳምንት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ባሌ እንደሚያዛውረው ነገራት። ጠብቂኝ አላላትም።

በጋው ረጅም ነበር። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ጎረቤታቸው ብርቄ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ገብታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ረጅሙን ቀያሽ የእህቴ ልጅ ባሌ ሮቤ ላይ ከአንዲት ቆንጆ ጋር አይቶታል» አለቻት። «ልንገራት አልንገራት ብዬ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ፀዲ የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መድኃኒት አንስታ መለሰች። የጥንቱ ጥርጣሬ ተመለሰባት። ማን ናት? ምኑ ናት? ባሌ ወርዳ መጠየቅ አሰኛት። አልሄደችም።

ከብዙ ቀን በኋላ ነህምያ ደወለ። ነፋስ ድምፁን ያመጣል፣ ይወስዳል።

«እንዴት ነሽ?»

ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «እዚያ ብርድ ነው?» አለች።

«ብርድ ነው» አለ። «ልትጠይቂኝ የፈለግሽው ይህን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ጠይቂኛ።»

«አልጠይቅህም።»

ፀዲ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ፀዲ» አለ፣ «ስመለስ ሽማግሌ ልላክ?»

ግንቦት ላይ በአንድ እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሚመሯቸው ኦቦ ከዲሮ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በዘንጋቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ግን ጉዳያችን ተሰምቶ እሺ ሳይባል አንቀመጥም አሉ። አባት የሌላት ልጅ በአጎቷ ነው የምትጠየቀው፤ ስለዚህ የሳሎኑን ትልቁን ወንበር የያዘው እንደሻው ነበር።

«ነጋ ጉዳ፣ ሰላም ለዚህ ቤት» አሉ ኦቦ ከዲሮ። «ልጃችን ነህምያ ልጃችሁን ፀዲን ወድዷል። ዘመድ ሁኑን፣ ልጅ ስጡን ብለን መጥተናል።»

እንደሻው ጉሮሮውን ጠረገ። ጋቢውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

«ልጁን አውቀዋለሁ» አለ። «አፉ ይጣፍጣል። ግን እናንተም ታዘቡ፤ አባት የሌለው ግቢ ዙሪያ ቀያሽ ምን ይፈልጋል? ባሌም ስላለው ነገር የሚወራ አለ። ለልጄ ብዬ ነው የምናገረው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀለማቸው ተለወጠ። ፀዲ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅቱ አትናገርም፤ ደንቡ አይደለም። እንደሻው ግን ወደ እሷ ዞረ።

«እስቲ አንቺው ተናገሪ። ይኼ ልጅ ያልነገረሽ ነገር እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ስለ ሮቤዋ ሴት እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም፤ ማን እንደሆነችም ማንም አልነገራትም።

«ይኖር ይሆናል ጋሼ» አለች። «ሲነግረኝ እሰማዋለሁ።»

ኦቦ ከዲሮ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።